«ጓርኒሲዮኑ ሁለቴ ተቀየረ፣ ዘይቱ ግን አልቆመም»

የአንባቢ ደብዳቤ፦

«ሰላም ጋሼ። እኔ የሚኒባስ ሾፌር ነኝ። መኪናዋ የአጎቴ ናት፤ ዶልፊን ቶዮታ፣ ናፍጣ። ከጎንደር ደባርቅ እመላለሳለሁ። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ዘይት ታንጠባጥባለች። የቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን (ጋስኬቱ፣ ማሸጊያው) ሁለቴ ተቀይሯል። ሁለተኛው ላይ መካኒኩ ዙሪያውን ቀይ ሲሊኮን ሞልቶ፣ እጁ እስኪዝል አጥብቆ አሰረው። ሳምንት ሳይሞላ ፍሳሹ ተመለሰ። አሁን የሚንጠባጠበው ከኋላ፣ ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከሚጋጠሙበት ነው። የተቃጠለ ዘይት ሽታም ውስጥ ድረስ ይገባል፤ ጋቢና የተቀመጠ ተሳፋሪ ሁሉ ያማርራል። አንዱ መካኒክ ‹የኋላ ፓራዮሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማ) ነው፣ ሞተር ይውረድ› ይላል። ሌላው ‹የገዛኸው ኮፒ ስለሆነ ነው፣ ኦርጅናል አምጣ› ይላል። ሦስተኛው ‹ዝም ብለህ ዘይት እየጨመርክ ሥራ› አለኝ። አጎቴ ደግሞ ገንዘቡን የበላሁት መስሎታል። ምን ላድርግ?» (ሾፌሩ፣ ከአዘዞ)

መልስ፦

ሰላም ወንድሜ። መጀመሪያ ሞተሩን እንዳታስወርድ። እስካሁን ከነገርከኝ ውስጥ ሞተር የሚያስወርድ ነገር አላየሁም። የኋላ ፓራዮሊዮ ቢሆን እንኳ የሚወርደው ካምቢዮው ነው። ይህን የማይለይ ሰው እጅ ላይ መኪናህን አትተው።

ሦስቱም መካኒኮች ያዩት ከታች ያለችውን ጠብታ ብቻ ይመስለኛል። ዘይት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ንፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከቫልቭ ክዳኑ የኋላ ጥግ የሚያልብ ዘይት በቴስታታው (ከክዳኑ ሥር ባለው የሞተሩ የላይኛ ክፍል) ጀርባ ወርዶ፣ ብሎኩን (የሞተሩን ዋና አካል) ተከትሎ፣ ሞተርና ካምቢዮ መጋጠሚያው ላይ ይሰበሰባል። ከሥር ተኝቶ ያየ ሰው «የኋላ ፓራዮሊዮ» ቢል አይፈረድበትም። ግን የሽታውን ነገር አስብበት። ያንተ ሞተር ያለው ከፊት ወንበር ሥር ነው። ጋቢና ውስጥ የሚገባው የተቃጠለ ዘይት ሽታ፣ ዘይቱ የጋለ የጭስ ማውጫ እየነካ መሆኑን ይናገራል። የኋላ ፓራዮሊዮ ቢያፈስ ዘይቱ ወደ ፍሪሲዮን ቤት ነው የሚገባው። ስለዚህ እኔ የምጠረጥረው ከላይ ነው። ጥርጣሬ ግን ጥርጣሬ ነው፤ በዓይን ማየት አለብህ።

ቦታው የሚገኘው እንዲህ ነው። ሞተሩ በርዶ እያለ በብሩሽና በጥቂት ናፍጣ እጠበው፣ ከዚያ በኦሞና በውሃ አጥራው። ዲናሞውንና የአየር ማስገቢያውን በላስቲክ ሸፍን። በደንብ ይድረቅ። ይህን ሥራ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ የጎንደር አቧራ ከዘይት ጋር ተላቁጦ እንደ ቆዳ በደረቀበት ሞተር ላይ ግን አዲስና አሮጌ ዘይት አይለይም። ሲደርቅ የሕፃን ፓውደር ገዝተህ በቫልቭ ክዳኑ ዙሪያ፣ በቴስታታው ጀርባ፣ ብሎክና ካምቢዮ በሚጋጠሙበት ላይ ስስ አድርገህ ንፋበት። ከዚያ ከአዘዞ ተነሥተህ ፒያሳ ድረስ ውጣና ተመለስ። ሞተሩን አጥፍተህ፣ ወንበሩን አንሥተህ፣ በስልክህ መብራት ከላይ ወደ ታች እይ። ከሁሉም ከፍ ብሎ ፓውደሩ የረጠበበት ቦታ ምንጩ ነው። ከሥሩ ያለው ሁሉ መንገዱ ነው። ፎቶ አንሣው። ፎቶው ለአጎትህም ይጠቅማል።

ማታ ደግሞ ካርቶን ከሥሯ ዘርጋ። ጠዋት የጠብታውን ቀለም እይ። የሞተር ዘይት በናፍጣ መኪና ላይ ጥቁር ነው። የካምቢዮ ዘይት ወፍራም ሆኖ እንደ ድኝ ይሸታል። አንዳንዴ ሰው ሞተሩን ሲወቅስ ከርሞ የሚያፈሰው ካምቢዮው ሆኖ ይገኛል።

ክዳኑ ላይ ብቻም አትቁም። ከዲናሞው ኋላ ያለው የፍሬን ቫኩም ፓምፕ ከሞተሩ ዘይት ይቀበላል፤ ቱቦዎቹ ሲያረጁ ያፈስሳሉ። የዘይት ባልቦዋም (የዘይት ግፊት የምትለካዋ) እንደዚያው፤ ትንሽ ናት፣ ሞተሩን ግን ታለብሰዋለች። የዘይት ፊልትሮው ሲቀየር የአሮጌው ጎማ ብሎኩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ፣ አዲሱ በላዩ ላይ ታስሮ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከባድ ነው። ሁለት ጎማ ተደራርቦ አይይዝም። አንድ ቀን መንገድ ላይ ዘይቱን በአንዴ ይተፋዋል።

ከፊት በኩል እርጥበት ካየህ ግን ሥራ አቁም። ቀልድ አይደለም። ያንተ ሞተር የሚሠራው በጎማ ታይሚንግ ቺንጋ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር በሚያቀናጅ ቀበቶ) ነው። ከካምሻፍት (ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ) ወይም ከክራንክ (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዘንግ) የፊት ፓራዮሊዮ የሚወጣ ዘይት ቺንጋውን ያበላሸዋል። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ያኔ ስለ ጓርኒሲዮን ማውራታችን ይቀራል።

አሁን ማንም ወዳልጠየቀህ ጥያቄ ልምጣ። ይህ ሞተር ይተነፍሳል ወይ?

በፒስተኖቹ ጎን ትንሽ ጋዝ ሁልጊዜ ወደ ታች ያመልጣል። ይህ ጋዝ የሚወጣበት ከቫልቭ ክዳኑ ወደ አየር ማስገቢያው የሚሄድ ጎማ ቱቦ አለ። ያ ቱቦ በዘይት ጭቃ ከተደፈነ ወይም ከታጠፈ ጋዙ መውጫ ያጣል። መውጫ ያጣ ጋዝ የሞተሩን ውስጥ ይገፋል። የሚሸነፈው ደካማው ቦታ ነው፤ ጓርኒሲዮን ወይም ፓራዮሊዮ። በዚህ ሁኔታ ኦርጅናሉንም ብታስር፣ ኮፒውንም ብታስር ዘይቱ መንገድ ይፈልጋል። ሁለቴ የተቀየረ ጓርኒሲዮን ሁለቴ ሲያፈስ መጀመሪያ መታየት የነበረበት ይሄ ቱቦ ነው። አውጥተህ በናፍጣ እጠበው፣ አድርቀው፣ በአፍህ ንፋበት። ከሰነጠቀ ቀይረው።

ከዚያ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ) እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈት። ትንሽ እፍ እፍ ማለት በናፍጣ ሞተር ላይ ያለ ነው። ጭስ ሳያቋርጥ ከተንቦለቦለ፣ ክዳኑን ብታስቀምጠው የሚዘል ከሆነ፣ የፒስተን ቀለበቶቹ አልቀዋል። እንደዚያ ከሆነ «ሞተር ይውረድ» ያለህ ሰው በሌላ ምክንያት እውነቱን ሊሆን ይችላል።

ዘይት ስለመጨመርም አንድ ነገር። ሊቬሎውን (የዘይት መለኪያ ዘንጉን) የት ቆመህ ነው የምታየው? ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ናት። ፒያሳ አካባቢ ኮብልስቶኑ ላይ አዘንብለህ ቆመህ ካየህ ሊቬሎው ይዋሽሃል። ጎድሏል ብለህ ትጨምራለህ፣ ሞልቶ ይተርፋል። የተረፈ ዘይት በክራንኩ ይመታል፣ አረፋ ያወጣል፣ በእስትንፋስ ቱቦውም ይወጣል። አዘዞ ሜዳ ላይ መኖርህ ጥሩ ነው። ጠዋት ከመነሣትህ በፊት፣ ሞተሩ በርዶ፣ ሜዳ ላይ እይ። ከላይኛው ምልክት አታሳልፍ።

«ዘይት እየጨመርክ ሥራ» ያለህን ሰው ምክር አልቀበልም። አምባ ጊዮርጊስን የሚወጣ፣ ሰው የጫነ መኪና ነው የምትነዳው። ፍሳሽ የሚያቆም ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውንም እለፈው። እሱ ቢሠራ እንኳ የደረቀ ጎማ ትንሽ ያሳብጣል እንጂ የተቆረጠ ጓርኒሲዮን አይቀጥልም።

ምንጩ የቫልቭ ክዳኑ ነው እንበል። ወደ ግዢው እንሂድ።

መለዋወጫ ሱቅ ገብተህ «የዶልፊን ጓርኒሲዮን» አትበል። በዚያ አካል ውስጥ 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል ሞተር ገብቷል። አንዳንዱ መኪና ደግሞ ሞተሩ ተቀይሮ የሊብሬው ሌላ፣ የሞተሩ ሌላ ነው። ብሎኩ ላይ የተመታውን ቁጥር አንብብ። ልዩነቱ በተለይ በቴስታታ ጓርኒሲዮን ላይ ይጎዳል። የሲሊንደሩ ስፋት በ2ኤል 92፣ በ3ኤል 96፣ በ5ኤል 99.5 ሚሊሜትር ነው። ደግሞም የናፍጣ ቴስታታ ጓርኒሲዮን ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት በሚወጣበት ልክ በተለያየ ውፍረት ይሠራል። ይህ ላንተ ዛሬ አያስፈልግህም። አንድ ቀን ግን ያስፈልግሃልና «ሁሉም አንድ ነው» የሚልህን ሻጭ አትመን።

አሮጌውን ጓርኒሲዮን ይዘህ ሂድ። አዲሱን በላዩ ላይ አስተኛውና ጥጉን፣ ቀዳዳውን፣ ከንፈሩን አስተያይ። ከዚያ በእጅህ እጠፈው። ጥሩ ጎማ ይታጠፋል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ከሆነ ስታጥፈው ጥቃቅን ስንጥቅ ያሳያል። እሱን ተወው፤ ካርቶኑ ላይ የፈለገው ስም ይጻፍ። እንደ እኔ ከሆነ ፀሐይ ያልነካው ደህና ኮፒ፣ ከደረቀ ኦርጅናል ይሻላል። ደግሞ ኦርጅናል የሚል ካርቶን ራሱ ኮፒ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሁለተኛው መካኒክህ ግማሽ እውነት አለው። ጥራት ይለያያል። ሳምንት ሳይሞላ ያፈሰሰውን ግን በጥራት ብቻ አላሳብብም።

ስትገዛ ጓርኒሲዮኑን ብቻ አትግዛ። ሁለት ትንንሽ ነገር አለ። አንደኛው ከክዳኑ ብሎኖች ሥር የሚገቡት የጎማ ሮንዴላዎች (ቀለበቶች) ናቸው። እነሱ ከደረቁ ብሎኑ ቢጠብቅም ክዳኑን አይጫኑትም፤ ዘይትም በራሱ በብሎኑ ቀዳዳ ይወጣል። ሁለተኛው፣ በብዙ የቆዩ የቶዮታ ሞተሮች ቴስታታ ጫፍ ላይ ያለው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጎማ ነው። ካምሻፍቱ ባለበት መስመር ላይ የተከፈተውን ክብ የሚደፍነው እሱ ነው። ጓርኒሲዮኑ ሁለቴ ሲቀየር እሱ የድሮው እንደሆነ ቀርቶ ከሆነ፣ ደርቆ ከኋላ እያሳለፈ ነው። ያንተ ጠብታ የት እንደሆነ አስታውስ። እኔ ገንዘቤን እዚህ ላይ ነው የምወራረደው።

አሁን መግጠሙ። አብዛኛው ፍሳሽ የሚወለደው እዚህ ነው።

ያ ቀይ ሲሊኮን በሙሉ መውጣት አለበት። በክዳኑም በቴስታታውም። በላዩ ላይ ሌላ ማሰር አይሆንም። በግራይንደርና በሽቦ ብሩሽ ግን አይሁን። ቴስታታው አልሙኒየም ከሆነ ይቆፍረዋል፤ የቆፈረው ጭረት የዘይት ቦይ ይሆናል። በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ይፈቅ። ትዕግሥት ይጠይቃል። ሲፋቅ ፍርፋሪው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ቀዳዳዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍን። ይህን የማጠብቀው በምክንያት ነው። ክዳን ሲጠብቅ የተረፈ ሲሊኮን ወደ ውጭ የሚወጣውን ያህል ወደ ውስጥም ይወጣል። አንተ የምታየው የውጩን ነው። የውስጡ ተቆርጦ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ይወድቅና የዘይት ፓምፑን ማጣሪያ ይደፍናል። ሞተር በዘይት እጦት የሚነክሰው አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ኮፓው ሙሉ ዘይት እያለው። አንድ ቀን ዘይት ስታስቀይር ኮፓውን አስወርደህ ማጣሪያውን ብታሳይ አይከፋም።

ከተፋቀ በኋላ ሁለቱንም ፊት በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ ጥረግ። ቤንዚን ስትይዝ ሞተሩ በርዶ፣ ሲጋራ የያዘም ሰው ርቆ። ገጹ ደረቅ ይሁን። ከዚያ ክዳኑን መስታወት ላይ ወይም ሌላ ቀጥ ያለ ነገር ላይ ገልብጠህ አስተኛው። ከተወዛወዘ ጎብጧል። እጅ እስኪዝል የታሰረ ክዳን መጉበጡ አይገርምም። ቆርቆሮ ከሆነ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ወደ ውስጥ ሰርጉደው ታገኛለህ። በጠፍጣፋ ብረት ላይ አስተኝቶ በቀስታ በመዶሻ ማቃናት ይቻላል። አልሙኒየም ሆኖ ከጎበጠ ወይም ከሰነጠቀ ሌላ ክዳን ፈልግ።

ጎማ ጓርኒሲዮን ዙሪያውን ሲሊኮን አይፈልግም። እንዲያውም ሲሊኮኑ እንደ ቅባት ያንሸራትተውና ሲጠብቅ ከቦታው ያስወጣዋል። ሁለተኛውን ጓርኒሲዮን የገጠመው መካኒክ የሠራው ይሄን ነው። ሲሊኮን የሚገባው ሁለት አካል ተገናኝቶ ጥግ የሚፈጥርበት ላይ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ግማሽ ጨረቃዋ ቴስታታውን የምትነካባቸው ጥጎች ላይ። እዚያም ስስ ጠብታ ይበቃል። ለሞተር ዘይት የሚሆን መሆኑን ቱቦው ላይ አንብብ። ሳይደርቅ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ክዳኑን ግጠም። ከገጠምክ በኋላ ቱቦው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቅ። ብዙዎቹ በደንብ ለመድረቅ 24 ሰዓት ገደማ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሥራ የሌለህን ቀን ምረጥ። ገጥሞ ወዲያው ደባርቅ መሄድ የለም።

ብሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ በእጅህ አስገባ። በእጅ የማይገባውን በመፍቻ አታስገድድ። ከዚያ ከመሃል ጀምረህ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ እያልክ በመስቀል አጥብቅ። በአንዴ ሳይሆን በሁለት ሦስት ዙር። ከአንድ ጫፍ ጀምሮ በተራ ማጥበቅ ክዳኑን ያነሣዋል። ልኩን በተመለከተ፣ የዚህ ዓይነት ትንንሽ ብሎኖች አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ነው የሚፈልጉት። ትክክለኛውን ከሞተሩ ማኑዋል እይ። የቶርክ መፍቻ (ይህን ልክ የሚያሳይ መፍቻ) ያለው ጋራዥ ካገኘህ እዚያ ይሠራልህ። ከሌለ ደግሞ የመፍቻውን እጀታ ከጫፉ ሳይሆን ከአንገቱ ያዝ። ጓርኒሲዮኑ እኩል ሲጫን ይበቃል። «ትንሽ ልጨምርበት» የሚለው እጅ ነው ጎማውን የሚቆርጠው፣ የብሎኑንም ጥርስ የሚበላው። የቡሽ ጓርኒሲዮን ከሆነ አንዴ ሞቆ ሲበርድ በትንሹ መልሶ ማየት ይቻላል። ጎማን ግን አትመለስበት።

ኮፓው ሲከፈትም ሥርዓቱ ያው ነው። የዘይት ማውረጃው ብሎን ሥር ያለችውን ሮንዴላ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ቀይራት። ዋጋዋ ምንም ነው።

ስለ አጎትህ። የወጡትን አሮጌ ዕቃዎች አትጣል፤ በላስቲክ አድርገህ አሳየው። የፓውደሩን ፎቶ አሳየው። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ምን ያህል ዘይት እንደጨመርክ በደብተር ጻፍ። መኪና የሰጠህ ሰው የሚፈልገው ይህን ነው። ደብተሩ ለመካኒኩም ይጠቅመዋል። ፍሳሹ ቆሞ ዘይቱ አሁንም የሚጎድል ከሆነ፣ ሞተሩ እያቃጠለው ነው፤ ያ ሌላ ሥራ ነው።

ምናልባት ተሳስቼ፣ ላዩ ደረቅ ሆኖ መጋጠሚያው ብቻ ቢረጥብ፣ ያኔ የኋላ ፓራዮሊዮ ነው ማለት ነው። ካምቢዮው ይውረድ። ካምቢዮ ከወረደ አይቀር ፍሪሲዮን ዲስኩን እዩት። ዘይት ከነካው ዳገት ላይ መንሸራተቱ አይቀርም፤ ታጥቦም አይድንም። ለሁለተኛ ጊዜ የካምቢዮ ማውረጃ ከመክፈል በአንዴ መቀየር ይረክሳል። ይህን ወጪ ግን ካምቢዮው ከወረደ በኋላ ሳይሆን አስቀድመህ ለአጎትህ ንገረው።